በሩን ግጠሙልኝ

ምእመናን፣ ዛሬ ተቆጥቼ ነው የቆምኩት። ቁጣዬንም አልሸሽግም። አዳምጡኝ።

አንዲት ሴት ነበረች። ባሏ ዳምጠው ግማሽ አካሉ በድን ሆኖ አልጋ ላይ ዋለ። ሴትዮዋ ታገላብጠዋለች፤ ታጥበዋለች፤ በማንኪያ ታጎርሰዋለች። ለአፍታ ዞር ካለች ምራቁ ያንቀዋል። ስለዚህ ከቤት አትወጣም። ገበያ አትሄድም፤ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ከሳመች ቆየች። ቀብርም አትሄድም።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። የእድርን ወግ ታውቁታላችሁ። ቀብር ላይ ስም ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ደጋግሞ የቀረ ይሰረዛል። ሴትዮዋም ተሰረዘች። ሙታንን ልትቀብር አልመጣችም ተብላ ተሰረዘች። ለምን ነበር ያልመጣችው? ያልሞተውን ስትጠብቅ ነው! ይህንን ግን ማንም አልጠየቃት።

ከዚያ በአንድ የክረምት ጠዋት ዳምጠው ዐረፈ።

ጎረቤቷ ተናኜ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ እድሩ ቤት ሮጠች። ድንኳኑም፣ አግዳሚ ወንበሩም፣ ቃሬዛውም እዚያ ተቆልፎበታል። ጡሩምባው ካልተነፋ ደግሞ ሰፈሩ ለቅሶ መኖሩን አይሰማም። የእድሩ ሹማምንት ሦስቱም ለሌላ ጉዳይ ተሰብስበው አገኘቻቸው። እግዚአብሔር ያዘጋጃቸው ነበር የሚመስለው።

«አባቶቼ፣ ጋሽ ዳምጠው ዐርፈዋል። ጡሩምባ ይነፋልን፤ ድንኳኑንም ስጡን» አለች።

«ልጄ፣ ሴትዮዋ እኮ ተሰርዛለች» አሉ ሰብሳቢው አቶ ዘርጋው። «ደንብ ደንብ ነው። ለወለደችኝ እናቴም ቢሆን አላጣምመውም።»

«ደንቡን እንኳ ይተዉት» አሉ አቶ ምናሴ። «ይልቅ መጨረሻውን እንመልከት። ዛሬ ቀብር ለማትመጣ ሴት ብንወጣ፣ ነገ ማን ቀብር ይመጣል? ለአንድ ሬሳ ብለን የስንቱን ቀብር ልናበላሽ ነው?»

ሦስተኛው አቶ ክንፈ አንደበታቸው ማር ነው። «ወንድሞቼ፣ ዋናው ጥያቄ እኛ ምን ዓይነት ሰዎች ነን የሚለው ነው። ርኅሩኅ ሰው በእኛ ቦታ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር?» አሉ። ዐይናቸውም እንባ አቀረረ።

እንባ አቅርረው ምን አደረጉ? ተቀመጡ!

አትሳቁ። ከኋላ የምትስቁትን እያየኋችሁ ነው። ጡሩምባ ነፊው ደጅ ላይ ቆሞ «ልንፋ?» ይላል። «ቆይ፣ እየተነጋገርን ነው» ይሉታል። እሱም ይቆያል። ጡሩምባው በእጁ ነው፤ ትንፋሹም የራሱ ነው፤ ግን ቆመ!

ተናኜ ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ ወገቧን ይዛ ወጣች። መንገድ ላይ ቆማ እሪ አለች። ማን ሰማት? መንገድ ዳር ድንጋይ የሚያነጥፉ የቀን ሠራተኞች ሰሟት። ሟቹን በዐይናቸው አይተውት አያውቁም። መዶሻቸውን ጥለው መጡ። ቃሬዛ የለም፤ ተቆልፎበታል። ቢቸግራቸው የገዛ ቤቱን በር ከነማጠፊያው ነቀሉት፤ ሬሳውን በበሩ ላይ አጋደሙት፤ በጭቃው ውስጥ እየተንሸራተቱ ተሸከሙት። ካህኑ ፈቱት፤ ተቀበረ። በሩን መልሰው ግድግዳው ላይ አስደገፉና የአሠሪያቸው ቁጣ እያስፈራቸው ወደ ሥራቸው ሮጡ።

እነዚያስ? እነዚያ ተስማሙ! በሙሉ ድምፅ ወሰኑ። ደንቡ ለችግረኛ ይላላ፤ ሌሎች እንዳይለምዱት ማስጠንቀቂያ ይነገር፤ እኛም ርኅራኄያችንን እናሳይ ተባለ። ጥሩ ውሳኔ ነው፤ እንከን አላወጣለትም። ጡሩምባውን ከፊት እያስነፉ፣ ድንኳኑን አሸክመው፣ ደረታቸውን ነፍተው መጡ።

ሴትዮዋ በር በሌለው ቤቷ ደፍ ላይ ተቀምጣለች። ዝናቡ ወደ ውስጥ ይገባል። ያ ባሏ የተኛበት አልጋ በስብሷል። ቀና ብላ አየቻቸው።

«አባቶቼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዳምጠው ተቀብሯል። ድንኳኑን መልሱት። በሩን ግጠሙልኝ» አለች።

ከዚህ በላይ አልጠየቀችም። በሩ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆሟል። የሚያስፈልገው መዶሻና ጥቂት ምስማር ነው። ምን አደረጉ መሰላችሁ?

ተያዩ። «የበር ነገር በደንባችን የለም፤ ለጠቅላላ ጉባኤ ይቅረብ» አሉ አቶ ዘርጋው። «ለእሷ በር ከገጠምን ነገ ሰፈሩ ሁሉ በር ሊለን ነው» አሉ አቶ ምናሴ። አቶ ክንፈ? «ልቤን ነካችው» አሉና ጃንጥላቸውን ዘረጉ።

ወይ ጉድ! ወይ ጉድ!

ምእመናን፣ አባባላቸውን አልነቅፍም። ጠቢባን ሲከራከሩበት የኖሩትን ነው የተናገሩት። አንዱ ጠቢብ ግዴታህን ፈጽም ይላል። ሌላው የሥራህን ፍሬ መዝን ይላል። ሌላው አስቀድመህ አንተው መልካም ሰው ሁን ይላል። ሦስቱም ልክ ናቸው። በቅን ልብ የያዛቸው ሰው በሦስቱም መንገድ ቢሄድ እዚያች ሴት ቤት ይደርስ ነበር።

ደንብ ነው ያሉት ሰው፣ ደንቡ ለምን ወጣ? ሰው ሬሳ ታቅፎ ብቻውን እንዳይቀር አይደለም እንዴ? ደንቡን ጠበቅኩ ብለው ደንቡን ገደሉት። ፍሬውን እንመዝን ያሉት ሰው የእድሩን ጉዳት መዘኑ፤ የሴትዮዋን ጉዳት ግን ሚዛኑ ላይ አላስቀመጡትም። እኛ ማን ነን ያሉት ደግሞ መልሱን ለማወቅ ወደ ራሳቸው እግር ቢያዩ በቂ ነበር። እግራቸው አልተንቀሳቀሰም! እኔን ከሁሉ በላይ ያናደዱኝ እሳቸው ናቸው፤ ምክንያቱም ማድረግ ያለባቸውን ያውቁ ነበር።

ተናኜ ቆማ ስትጠብቅ ከሦስቱ አንዱ እንኳ ተነስቶ የሴትዮዋን ቤት አላየም። ቤቷ ሩቅ አልነበረም። አጥሩን ዞር ቢሉ ይታያል። እያወቁ መወያየት ቀለላቸው። የሚያስቡት መንገድ ለማግኘት አልነበረም፤ ላለመሄድ ነበር።

እናንተስ? የቤት ሠራተኛችሁ ስትታመም «ውላችን ምን ይላል?» ትላላችሁ። ወንድማችሁ ከሚስቱ ጋር ሲፋጅ «ብገባበት ይብስ ይሆናል» ትላላችሁ። ጎረቤታችሁ ልጁን በቀበቶ ሲገርፍ ግድግዳው ላይ ጆሮ ታስጠጉና «እኔ ጣልቃ የምገባ ሰው አይደለሁም» ትላላችሁ። ቃሉ አያጥራችሁም! ለመቀመጥ የማይረዳችሁ ጥበብ የለም። ልጁ ግን እየተገረፈ ነው። ሠራተኛዋ ምድጃው ሥር እየተንቀጠቀጠች ነው።

አሁን እያያችሁኝ ነው። «ለመሆኑ በሩ ተገጠመ ወይ?» ልትሉኝ ነው። አያችሁ? እናንተም ተቀምጣችሁ መልሱን እየጠበቃችሁ ነው! አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ደስ ብሏችሁ ወይም አዝናችሁ ትሄዳላችሁ፤ ከዚያም ምሳ ትበላላችሁ።

በየሰፈራችሁ በሯ የተነቀለባት ሴት አለች። ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ፤ ስሟ አሁን በልባችሁ መጥቷል። እሷን ነው የምላችሁ።

ዛሬ አሜን አትበሉኝ። ዝናቡ ሳይጀምር ውጡ፤ መዶሻ ያለው መዶሻውን ይያዝ፤ የሌለው ምስማር ያቀብል።