ለአሥራ ስምንት ዛፍ የተከፈለ ውሃ

«ብርቱካን የሚያለማ አንድ ገበሬ ነበር» አሉ ሽማግሌው። ጥያቄ ይዛ የመጣችው ልጅ አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ አምስት ታናናሾቿን የምታሳድገው እሷ ናት። ከተማ ልካ ማስተማር የምትችለው ግን አንዱን ብቻ ነው። «አባባ፣ ማንንም እንዳልበድል ሁለት ሁለት ወር እየተፈራረቁ ቢማሩስ?» ብላ ነበር የጠየቀቻቸው።

ሽማግሌው ቀጠሉ።

ገበሬው ልጅ ወይም የልጅ ልጅ በተወለደለት ቁጥር አንድ ብርቱካን ይተክል ነበር። ዛፎቹ አሥራ ስምንት ደረሱ። የሚጠራቸው በልጆቹ ስም ነው። «ጌጤ ዘንድሮ አበባዋ በዝቷል፤ ሽመልስ ግን ሰንፏል» ሲል የሰማ እንግዳ ስለ ሰው የሚያወራ ይመስለው ነበር። ቤተሰቡ ሁሉ የሚኖረው በእነዚህ ዛፎች ነው።

ከዚያ ዝናብ ቀረ። በሁለተኛው ዓመት ምንጩ ደረቀ። በሦስተኛው ዓመት ከጉድጓዱ የሚወጣው ውሃ፣ ለቤት ከሚሆነው ተርፎ፣ በቀን ሦስት ጀሪካን ብቻ ሆነ። ትኩስ ነፋስ ይነፍስ ነበር፤ ፍሬው ሽምብራ ሳያህል ይረግፍ ጀመር።

ሚስቱ «ሦስቱን እናድንና ሌላውን እርም እንበል» አለችው።

«የትኛውን ልጄን ነው በውሃ ጥም የምገድለው?»

«አንተ ሰውዬ፣ ዛፍ እኮ ነው።»

«የማን ዛፍ? እስቲ ስሙን ጥሪልኝ።»

እሷም ፊቷን አዙራ ወደ ቤት ገባች።

ገበሬው ጣሳ አነሣ። በየቀኑ ለእያንዳንዱ ዛፍ ሦስት ሦስት ጣሳ ያፈስ ጀመር። ለአንዱ ጠብታ አልጨመረም፤ ከአንዱም ጠብታ አልቀነሰም። ሚስቱ «ጠበል የምትረጭ እኮ ነው የምትመስለው» እያለች ትተርበው ነበር። እሱ ግን ሲተኛ እንቅልፍ ይወስደዋል። ማንንም አልበደለማ።

አንድ ጠዋት ከትንሿ የልጅ ልጁ ዛፍ ሥር በዶማ ቆፈረ። አፈሩ የረጠበው ሁለት ጣት ያህል ነው። ከዚያ በታች እንደ አመድ ይበናል። ያፈሰሰውን ሁሉ ስትጠጣው የከረመችው ፀሐይ ናት፤ ሥሮቹ አንድም ቀን አልቀመሱትም።

በዚያን ቀን ሊመርጥ ቆረጠ። ሦስቱንም ጀሪካን በአህያ ጭኖ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሄደ። የእያንዳንዱን ልጥ በጥፍሩ ፋቀ። ከልጡ በታች አረንጓዴ ነገር አጣ። አሥራ ስምንተኛው ዘንድ ሲደርስ ውሃውን አውርዶ መሬት ላይ ተቀመጠ። የሚጠጣለት አልነበረም።

ልጆቹ ለቀን ሥራ በየአገሩ ተበተኑ። በዓመቱ ዝናቡ መጣ፤ በደረቅ እንጨት ላይ ዘነበ።

ሽማግሌው ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«ሰውየው ክፉ አልነበረም፣ ልጄ። በዚያ ውሃ ጥሙን የቆረጠው ግን የገዛ ሕሊናው ብቻ ነው። የሁለት ወር ትምህርትም እንደዚያ የሁለት ጣት እርጥበት ነው። አምስቱም ይቀምሱታል፤ አንዱም አያድግበትም። አንዱን ላኪ።»

«የቀሩት አራቱስ?» አለች ልጅቷ።

«ይጎዳሉ። አንቺም በየቀኑ እያየሻቸው ትኖሪያለሽ። የላክሽውም አንድ ቀን ‹ለምን እኔን?› ብሎ ይወቅስሽ ይሆናል። ከዚህ የሚሻል መልስ የለኝም። ዝናቡን የከለከልሽው አንቺ አይደለሽም፤ መምረጡ ግን በአንቺ ላይ ወድቋል።»