ያስጻፈው፣ የጻፈውና የሸሸገው

አባቴ ጭቃ በእንጨት ቅርጽ እየጠቀጠቀ ጡብ የሚሠራ ሰው ነበር። «ቅርጹ ከጠመመ ጡቡን አትቆጣ» ይል ነበር፤ ለእኛም፣ ለጎረቤትም፣ አንዳንዴ ለራሱም። ያኔ ስለ ጡብ ብቻ የሚናገር ይመስለኝ ነበር።

በአንድ ወቅት፣ ያውም በቅርቡ፣ ኮምፒውተር የጽሕፈት መኪናን ከቢሮ ካስወጣ በኋላ፣ መንገድ የጠፋባቸውን አረጋውያን የሚያስጠጋ አንድ ማኅበር ነበር። ዋና ቢሮውና አራት መጠለያዎቹ በየከተማው የተራራቁ ናቸው። እኔ የዋናው ቢሮ ዘበኛ ነኝ። ትምህርቴ ከቄስ ትምህርት ቤት አላለፈም፤ ስለዚህ የኮምፒውተሩን ነገር እንደገባኝ ነው የምነግራችሁ።

መጀመሪያ አራቱም መጠለያ የየራሱ መዝገብ ነበረው። አንዱ «ስም» ይላል፣ አንዱ «መጠሪያ»። አንዱ ስለ ልብስ ይጠይቃል፣ አንዱ ስለ ከዘራ። ከዋናው ቢሮ ሆነው አንድ ሰው ሲፈልጉ አንዱ መዝገብ ይመልሳል፣ ሦስቱ ዝም ይላሉ። በኋላ አንድ እናት ቅጽ ተሠራ። እናት ቅጹ ላይ አንድ ዓምድ ከጨመርክ በአራቱም መጠለያ ይጨመራል። ከእርሱ ላይ ከነቀልክ ከአራቱም ይነቀላል፤ በውስጡ የተጻፈውም አብሮ ይሄዳል። አባቴ ቢያየው «ይሄማ የጡብ ቅርጽ ነው» ባለ ነበር።

እታፈራሁ የምትባል ሴት አባቷ ጠፉባት። አባቷ ጋሽ ንጋቱ ማተሚያ ቤት ውስጥ አርባ ዓመት ፊደል ለቃሚ ነበሩ። ከእርሳስ ብረት የተሠራውን ፊደል አንድ በአንድ ከመሳቢያ እየለቀሙ መስመር የሚሠሩ፣ የሞላውንም በክር የሚያስሩ ማለት ነው። እርጅና የማስታወስ ችሎታቸውን ወሰደባቸው። አንድ ጠዋት ከቤት ወጡ፤ በዚያው ቀሩ። እታፈራሁ ያን ጊዜ የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ሆስፒታሉንም፣ ፖሊስ ጣቢያውንም ዞራ ስታጣ ቤተ ክርስቲያን ገብታ ተሳለች፦ «አባቴን ያገኘልኝ ሰው ለዚህ ልጅ የክርስትና ወላጅ ይሁንልኝ።» ስለት ደግሞ እንደ ቀልድ ከአፍ ያመለጠ ቃል አይደለም። ከገባህ በኋላ መውጫው ማድረስ ብቻ ነው።

አሁን ስለ ሦስቱ ሰዎች ልንገራችሁ።

ላቀው ዘጠኝ ዓመት በመጠለያ አስታማሚ ነበር። አረጋውያኑ ስማቸውን ሲረሱ እጃቸው እንደማይረሳ አየ። አንዷ ጥጥ ሳትይዝ ትፈትላለች፤ አንዱ የድሮ ሾፌር አልጋው ላይ ተቀምጦ ማርሽ ይቀይራል። እናት ቅጹን የማዘጋጀት ሥራ ሲሰጠው «እጁ ምን ይሠራል» የሚል ዓምድ አስገባበት። ኃላፊው ሳቀበት። «ላቀው፣ መዝገብ ነው ወይስ መዳፍ ልታነብ ነው?» አለው። ላቀው ግን አላወጣውም። ለእያንዳንዱ ዓምድ ከሦስት ትእዛዝ አንዱ ይሰጠዋል፤ ግዴታ፣ በፈቃድ፣ ስውር። ላቀው «በፈቃድ» አለው። ለምን ግዴታ እንዳላደረገው ስጠይቀው፣ «ሰው ሲገደድ ሣጥኑን ለማለፍ ነጥብ ብቻ ጣል አድርጎ ይሄዳል» አለኝ። በዚህም የተነሣ ብዙው መዝጋቢ ባዶውን አለፈው።

ዘርይሁን ሩቁ መጠለያ ያለ መዝጋቢ ነው። አንድ ቀን ፖሊስ ስማቸውን የማያውቁ ሽማግሌ አመጣለት። ስም ባዶ፣ አገር ባዶ፣ ዘመድ ባዶ። እጃቸው ግን አያርፍም። ዘርይሁን ወንበሩን ስቦ ከፊታቸው ተቀመጠና ከጠዋት እስከ ምሳ ሲመለከታቸው ዋለ። ጓደኞቹ «ሥራ ትሠራለህ ወይስ ትያትር ታያለህ?» ብለው አላገጡበት። «እሳቸው ሥራ ላይ ናቸው፤ እኔ ነኝ ያልጀመርኩት» አለና እንዲህ ጻፈ፦ «ከአየር ላይ ጥቃቅን ነገር እየለቀሙ ግራ መዳፋቸው ላይ ይደረድራሉ። መዳፋቸው ሲሞላ ዙሪያውን በክር እንደሚያስር ሰው ያደርጋሉ።» የቀድሞ ሥራቸውን በሚጠይቀው ዓምድ ላይ ግን «ጥራጥሬ ነጋዴ ሳይሆኑ አይቀሩም» ብሎ ሳተ።

ጉዲሳ በዋናው ቢሮ የእናት ቅጹ ጠባቂ ነው። ላቀው ወደ መጠለያው ከተመለሰ በኋላ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣና ቅጹ ረዘመ አለ። «ይቺ የእጅ ነገር ባዶ ናት። ንቀላት።» ጉዲሳ ከመንቀሉ በፊት ዓምዱን ከፍቶ አየ። በመቶዎች ከሚቆጠር ሰው የአሥራ አንዱ ብቻ ተጽፏል። አሥራ አንዱንም አነበበ። ከዚያ መንቀሉን ትቶ ሦስተኛውን ትእዛዝ ሰጠው፤ ስውር። ከሁሉም ገጽ ጠፋ፣ የተጻፈው ግን ከነነፍሱ ታች ተቀመጠ። ለአለቃው «ከዛሬ ጀምሮ አይታይም» አለው። አለቃው «ጎበዝ» አለው። አራት ወር ሙሉ ማንም አላየውም፤ ማንም አልጻፈበትም።

በእነዚያ አራት ወራት እታፈራሁ ሁለት ጊዜ ቢሯችን መጣች። በስም ፈለጉላት፣ በአገር ፈለጉላት። የሉም ተባለች፤ ሄደች።

በሦስተኛው ስትመጣ ሆዷ ገፍቶ ነበር። አግዳሚዬ ላይ አስቀመጥኳት።

«ልጄ፣ አባትሽ ምን ምልክት አላቸው?»

«ምልክትማ የላቸውም፣ አባባ። እጃቸው አያርፍም እንጂ።»

ጉዲሳ ምሳውን በሳህን ይዞ እያለፈ ነበር። ቆመ። «እንዴት ነው አያርፍም ስትይ?»

እታፈራሁ ከአየር ላይ ለቀመች፤ ግራ መዳፏ ላይ አስቀመጠች። ደግሞ ለቀመች። ጉዲሳ ሳህኑን እጄ ላይ ጣለና ደረጃውን ሮጦ ወጣ። «ኧረ ምሳህ!» ብል ማን ሰምቶኝ። ዓምዱን ገለጠው። «መዳፍ» ብሎ ፈለገ። ከአራቱ መጠለያ አንድ መስመር ብቻ መጣ፤ የዘርይሁን።

በማግሥቱ እታፈራሁ ሩቁ መጠለያ ደረሰች። አባቷ አላወቋትም። ግን እጇን ተቀብለው፣ መዳፏን ዘርግተው፣ እዚያ ላይ ፊደል መደርደር ጀመሩ። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ይዛቸው ተመለሰች። ጉዲሳ ግን ትእዛዝ ባለመፈጸሙ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈበትና ወደ ንብረት ክፍል ወረደ።

ከዚያ ወንድ ልጅ ወለደች። የፊታችን እሑድ አርባ ቀኑ ነው፤ ክርስትና ይነሣል። ንስሐ አባቷን ብትጠይቃቸው፣ «ስለትሽ ላንድ ሰው ነው፤ አንድ ልጅ ደግሞ አንድ የክርስትና አባት ነው ያለው። መርጠሽ ነይ» አሏት። ሦስቱን ሰብስባ «አባቴን ያገኘልኝ የትኛችሁ ናችሁ?» ብላ ጠየቀች። በእኔው አግዳሚ ላይ ነው የተቀመጡት። ዘርይሁን ከሩቅ በአውቶቡስ መጥቶ ነበር።

ላቀው፦ «ያን ዓምድ ባላስገባ ማን ስለ እጅ ይጽፍ ነበር?»

ዘርይሁን፦ «ባልሞላውስ? ባዶ ሣጥን ነበር የሚሆነው። ባዶ ሣጥን ደግሞ ማንም አይሸሽግም።»

ጉዲሳ፦ «ባልሸሽገው ሣጥኑም የለ፣ የጻፍከውም የለ። ደብዳቤውን የተቀበልኩት እኔ ነኝ፣ እናንተ አይደላችሁም።»

ዘርይሁን ዞረበት። «ሸሸግክ እንጂ ተከራከርክ? አለቃህን ፊት ለፊት አይሆንም ብትለው፣ በመጀመሪያው ቀን ታገኛቸው ነበር። አራት ወር ያስለቀስካት አንተ ነህ።»

«ብከራከርና ሌላ ሰው ቢነቅለውስ?»

ላቀው በዘርይሁን ሳቀ። «አንተ ደግሞ ሽማግሌውን ጥራጥሬ ነጋዴ አድርገህ አረፍክ።»

«አንተስ ግዴታ ብትለው፣ ባዶ ነው ተብሎ ለመነቀል ይበቃ ነበር?» አለው ዘርይሁን።

«ነጥብ ተሞልቶ ይነቀል ነበራ!»

እታፈራሁ ሕፃኑን እያባበለች ሁሉንም ሰማች። «ሁላችሁም እውነታችሁን ነው» አለች። «ለኔ ግን ይሄ አልበጀኝም። ሁለቱን አስቀይሜ ልኑር፤ እሱን እችለዋለሁ። ስለቴን ላልተገባው ሰው ካደረስኩ ግን አላደረስኩም ማለት ነው።» ተነሥታ ሄደች። እነሱም ተሰነባብተው ተለያዩ። አልተጣሉም፤ አልተስማሙምም።

እኔ ነገሩ ከልቤ አልወጣ አለኝ። ዛሬ ዓርብ ኪዳን አድርሼ ስወጣ፣ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ድንጋይ ላይ አንድ የማላውቀው ሰው ተቀምጦ ጫማውን ያራግፋል። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሰላምታ ሰላምታን አመጣና ሁሉንም እንዲህ አድርጌ ነገርኩት፤ ለማንም ሳላደላ። ጫማውን አጠለቀ፣ ተነሣ፣ ከረጢቱን ትከሻው ላይ አደረገና እንዲህ አለኝ፦

«እኔ መንገደኛ ነኝ፣ አባቴ፤ እሑድ እዚህ የለሁም። እርስዎ ግን ይኖራሉ። ቄሱ ሕፃኑን ከውኃው አውጥተው ተቀባይ ሲሹ፣ ሦስቱም ከፊትዎ ቆመው፣ እናቲቱም ዞራ እርስዎን ብታይ፣ የማንን ክንድ ወደፊት ይገፋሉ?»