ፒንሳው አልለቅም ያለ ቀን

አንዲት ጎድጓዳ ሳህን ሾርባ ነበረች። ማለት፣ ገና አልነበረችም። ይህ ተረት የሚጀምረው ባልነበረችው ሾርባ ነው።

በሐይቅ ዳር ባለች አንዲት መንደር አበዛሽ የምትባል ሴት ወንድ ልጅ ከወለደች አምስተኛ ቀኗ ነበር። ገንፎ ቀረበላት፤ ሁለት ጎርሳ መለሰችው። አጥሚት ቀረበላት፤ አሽትታ ተወችው።

"አፌ መሮኛል፤ የነጭ አሳ ሾርባ ብቻ ነው ያማረኝ" አለች ታናሽ ወንድሟን አልታዬን።

እሷ ካልበላች ጡቷ አይሞላም፤ ጡቷ ካልሞላ ሕፃኑ አይጠግብም። ግን ወቅቱ አሳ የሚራባበት ስለነበር የመረብ ጀልባዎቹ ሁሉ ታስረው ቆመዋል። በመንጠቆ አንድ አሳ ማውጣትን የከለከለ ግን የለም።

አልታዬ ጠንቃቃ ወጣት ነው። በር ቆልፎ መንገድ ከጀመረ በኋላ ተመልሶ ቁልፉን የሚነካ፣ ያየውንም ሁሉ በኪስ ደብተሩ የሚጽፍ ሰው ነው። ወደ ጋሽ ኩሲያ ሱቅ ሄደ። ጋሽ ኩሲያ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ናቸው፤ በአንድ ሳፋ ውስጥ ርካሽ የፕላስቲክ አሳዎች ከምረዋል። እያንዳንዱ አሳ ከአገጩ ሥር ማንኪያ የመሰለ ምላስ፣ አፍንጫው ላይ ክር የሚታሰርበት ቀለበት፣ ሆዱ ሥር ሁለት መንጠቆ አለው። ክሩ ሲጎተት ምላሱ ውሃውን እየገፋ ፕላስቲኩን እንደ ሕያው አሳ ያወዛውዘዋል።

አልታዬ አንድ በአንድ አነሳ። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ከአፍንጫ እስከ ጅራት ተመለከተ፤ ምላሱ የተጣመመውን መለሰ። የሆዱን ስፌት በጥፍሩ ዳሰሰ፤ የተሰነጠቀውን መለሰ። የቀሩትን ሦስቱን ጆሮው ሥር ነቀነቃቸው።

"እንቁላል ነው እንዴ?" አሉ ጋሽ ኩሲያ። "የተበላሸውን በጆሮህ ልትለይ ነው?"

"የለም ጋሼ፤ ሆዱ ውስጥ ጠጠር ያለው እንደሆነ ድምፁን አሳ ይሰማል ይባላል። እውነት መሆኑን ግን እርግጠኛ አይደለሁም።"

"እርግጠኛ የምትሆንበትን ቀን ንገረኝ፤ ድግስ እደግሳለሁ!"

ጫጭ ጫጭ የሚለውን ገዛ። ወደ ሐይቁ ሄዶ ከእንጨቱ መድረክ ላይ ወረወረው። ሲጎትተው ግን ፕላስቲኩ ቀጥ ብሎ አልመጣም፤ በጎኑ ተጋድሞ ወደ ግራ ሾለከና ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። አንድ ነጭ አሳ ከጥልቁ ወጥቶ ተከተለው፤ አየው፤ ዞሮ ሄደ። እንደገና ወረወረ፤ አሁንም ወደ ግራ። አልታዬ ደብተሩን አወጣ። "ወደ ግራ ይሸሻል" ብሎ ጻፈ። ከሥሩም "ለምን?" አለ።

ምላሱን አየ፤ ደህና ነው። መንጠቆዎቹን አየ፤ ደህና ናቸው። ቀለበቱን አየ፤ ለዓይን ቀጥ ያለ ነው፤ ለውሃው ግን የፀጉር ያህል ተዛብቷል። በጣቱ ሊያጥፈው ሞከረ። ቀለበቱ ወይ ፍንክች።

አበዛሽ ሾርባ አማራት። አሳው አልነክስም አለ። ፕላስቲኩ አልቀናም አለ። ቀለበቱ አልታጠፍም አለ።

"ፒንሳ ነው የሚያጥፈው" ብሎ ወደ ባጃጅ ጠጋኙ ወደ ዳንጊሳ ሄደ። ዳንጊሳ ባጃጅ ሥር ተኝቷል፤ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው።

"ዳንጊሳ፣ ፒንሳህን ለአንድ ደቂቃ ብቻ።"

"አንተ ደግሞ ለካህ ለካህ ስትጨርስ ደቂቃዋ ሰዓት ናት!" አለ እግሩ። "ደግሞስ የት አለ? ያውና፣ የፍሬኑን ሽቦ ነክሶ ይዟል። ሽቦውን አጥብቆ የሚይዘው ዳዶ ወድቆ ጠፍቷል። ፒንሳውን በጎማ ክር አስሬ ተውኩት። ከፈታሁት ሽቦው ተስፈንጥሮ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከገባ ደግሞ ባጃጁን እንደገና መበተን ነው። ዳዶ አምጣልኝና ውሰደው።"

አበዛሽ ሾርባ አማራት። አሳው አልነክስም አለ። ፕላስቲኩ አልቀናም አለ። ቀለበቱ አልታጠፍም አለ። ፒንሳውም አልለቅም አለ።

ዳዶ ያለው ጋሽ ኩሲያ ዘንድ ነው። እሳቸው ዳዶና ቡሎን የሞላበት የብረት ሳጥን አላቸው፤ ሳጥኑ ግን ተቆልፏል።

"ቁልፉስ ጋሼ?"

"ባለቤቴ ናት የያዘችው። ለመጣው ሁሉ በነፃ ስለምሰጥ እኔን አታምነኝም። ሂድና ለምናት።" አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ። "እንቁላሉስ? ተፈለፈለ?"

አበዛሽ ሾርባ አማራት። አሳው አልነክስም አለ። ፕላስቲኩ አልቀናም አለ። ቀለበቱ አልታጠፍም አለ። ፒንሳው አልለቅም አለ። ዳዶውም ከሳጥን አልወጣም አለ።

የጋሽ ኩሲያ ባለቤት እትዬ ባሎቴ የት ነበሩ? እዚያው አበዛሽ ቤት፣ አራስ ሊጠይቁ መጥተው። ሕፃኑን በነጠላ ሆዳቸው ላይ አስረው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ሕፃኑ ቤቱን በጩኸት ሞልቶታል።

"እትዬ፣ የሳጥኑን ቁልፍ ፈልጌ ነበር።"

"መቀነቴ ውስጥ ነው።"

"ይፍቱልኝ ታዲያ።"

"መቀነቴ የት እንዳለ አታይም? ሕፃኑ ሥር ነው! እሱ ካልተኛ አላወርደውም፤ ካላወረድኩት አልፈታውም።"

አበዛሽ ሾርባ አማራት። አሳው አልነክስም አለ። ፕላስቲኩ አልቀናም አለ። ቀለበቱ አልታጠፍም አለ። ፒንሳው አልለቅም አለ። ዳዶው አልወጣም አለ። መቀነቱ አልፈታም አለ። ሕፃኑም አልተኛም አለ።

አልታዬ ደብተሩን አወጣ። "ለምን አይተኛም?"

"ርቦታላ።"

"ለምን ራበው?"

"ጡት አልጠገበማ።"

"ለምን አልጠገበም?"

"እናቱ እህል አልቀመሰችማ! አሳ አማረኝ ብላ! ምነው ልጄ፣ ስትጠይቀኝ ልትውል ነው?"

አልታዬ የጻፈውን ተመለከተ። መጨረሻ ያለው መስመር መጀመሪያ ከጻፈው መስመር ጋር አንድ ነው። አሳ ለማግኘት ሕፃኑ መተኛት አለበት፤ ሕፃኑ እንዲተኛ አሳ መገኘት አለበት። አልጋ ላይ አበዛሽ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች፤ ከንፈሯ ደርቋል። ጥፋቱ የኔ ይሆን? አለ በሐሳቡ። ሌላኛውን ብመርጥ ኖሮስ? ሲመርጥ ምን እንዳመለጠው ደግሞ ለማየት ፕላስቲኩን ከኪሱ አወጣና ጆሮው ሥር ነቀነቀው።

ጫጭ ጫጭ።

ሕፃኑ ዝም አለ።

እትዬ ባሎቴ ባሉበት ቆሙ። አልታዬም እጁን አቆመ። ሕፃኑ ጩኸቱን ቀጠለ።

ነቀነቀ፤ ዝም አለ። አቆመ፤ ጮኸ። አልታዬ ለሦስተኛ ጊዜ ሞከረ፤ ሁለት ጊዜ አጋጣሚ ሊሆን ይችላላ።

"ምን ትጠብቃለህ? ቀርበህ አንቃጭልለት እንጂ!"

"ይቆዩ እትዬ፣ መንጠቆ አለው።" ተቀመጠና በአውራ ጣቱ ጥፍር አንዱን መንጠቆ መፍታት ጀመረ። ከዚያ ሁለተኛውን። ሁለቱንም በወረቀት ጠቀለለ፤ ጥቅልሉን ኪሱ ከተተ፤ ኪሱን ከውጭ ነካ አደረገው። ሕፃኑ እስከዚያ ይጮኻል።

"ጥርስ እስኪያበቅል ነው የምትጠብቀው?" አሉ እትዬ ባሎቴ።

ከአልጋው በኩል ሳቅ ተሰማ። አበዛሽ ነበረች፤ በአምስት ቀን ውስጥ የመጀመሪያ ሳቋ።

ጫጭ ጫጭ፣ ጫጭ ጫጭ፣ ጫጭ... ጫጭ... ጫጭ። አልታዬ ቀስ እያለ፣ እያዘገመ፣ እየቀነሰ ሄደ። የሕፃኑ ዓይን ከበደ፤ ተከደነ።

ከዚያማ ማን ያቆመው! ሕፃኑ ተኛ። ነጠላው ወረደ። መቀነቱ ተፈታ። ቁልፉ ወጣ። ሳጥኑ ተከፈተ። ዳዶው ተገኘ። ሽቦው ታሰረ። ፒንሳውም ለቀቀ።

ዳንጊሳ ከባጃጁ ሥር ወጥቶ እጁን እየጠረገ አብሮ ወደ ሐይቁ ወረደ፤ ይህን ሁሉ ያስሮጠውን ቀለበት ማየት ፈልጎ ነው። መንጠቆዎቹን መልሰው አንጠለጠሉ።

"ወደ ግራ ከሸሸ ወደ ቀኝ ማጠፍ ነው፤ በቃ" አለ ዳንጊሳ።

"የማን ቀኝ?"

"እንዴት የማን ቀኝ?"

"ውሃው ውስጥ ሲመጣ ፊቱ ወደ እኔ ነው። የእኔ ግራ ለሱ ቀኙ ነው።"

ዳንጊሳ ከአልታዬ ፊት ለፊት ቆሞ ሁለት እጁን አነሳ፤ አንዱን እጁን አየ፤ ሌላውን አየ። "እውነትህን ነው" አለ በመጨረሻ፤ ቅር እያለው።

አልታዬ ፕላስቲኩን በመጣበት አኳኋን አፍንጫውን ወደ ራሱ አድርጎ ያዘ። ያኔ ወደ ግራ እጁ ሸሽቶ ስለነበር አሁን ቀለበቱን ወደ ቀኝ እጁ ነካ አደረገው። "ይኼማ መዳሰስ ነው!" ብሎ ዳንጊሳ ፒንሳውን ቀማና ጠመዘዘው። ወረወሩት። አሁን ደግሞ ወደ ቀኝ ሸሸ።

"ከንግዲህ አልነካም" አለ ዳንጊሳ።

አልታዬ የዳንጊሳን ጥምዘዛ ግማሹን መለሰ። ወረወረ፤ ጥቂት ይቀረዋል። የፀጉር ያህል ጨመረ። ወረወረ። ፕላስቲኩ ራሱን ደፍቶ፣ ጅራቱን እያወዛወዘ፣ ቀጥ ብሎ በክሩ መስመር መጣ። ጫጭ ጫጩ እስከ ጣቱ ድረስ ተሰማው። ከጥልቁ አንድ ነጭ ነገር ብልጭ አለ፤ ክሩም ተወጠረ።

ቀለበቱ ታጠፈ። ፕላስቲኩ ቀና። አሳው ነከሰ። ሾርባው ፈላ። አበዛሽ ጠጣች፤ አላባት፤ ሳህኗን ዘረጋች፤ "ጨምሩልኝ" አለች። ከሰዓት በኋላ ጡቷ ሞላ፤ ሕፃኑም ጠግቦ ያለ ማንም ልመና ተኛ።

አልታዬ ደብተሩን አውጥቶ "ለምን?" ካለው ሥር "ቀለበቱ" ብሎ ጻፈ። ትንሽ አሰበና "ይመስለኛል" የሚል ጨመረ።

በማግሥቱ ጋሽ ኩሲያ ሱቃቸውን ሲከፍቱ ወሬውን የሰሙ የሰፈሩ እናቶች ሕፃን አዝለው ደጃፉ ላይ ተሰልፈዋል። ሳፋውን ከበው የፕላስቲክ አሳዎቹን አንድ በአንድ ያነሳሉ፤ ጆሯቸው ሥር ይነቀንቃሉ፤ ዝም ያለውን ይመልሳሉ። ጋሽ ኩሲያ "እንቁላል ነው እንዴ?" ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። እትዬ ባሎቴ ግን አጠገባቸው ቆመዋል፤ ባላቸው አፋቸውን መልሰው ዘጉ።

ያልነበረችው ሾርባ ተገኘች፤ ተጠጣች፤ አለቀች። ሳህኗ ታጥባ ተደፍታለች፤ ተረቱም አብሯት።