ስም ያጣችለት ድንጋጤ

ላውጋችሁ? አውጊን በሉኝ። ባንቺአምላክ የምትባል አንዲት ሴት ነበረች። የፈለገችው አንዲት ትንሽ ነገር ነበር፤ ለልጇ አንድ ጣሳ አጥሚት። ሌላ ምንም አላማራትም።

ባሏ መንገድ ሥራ ሄዶ ወር አልፎታል። ከተማው አዲሷ ነው። የምታውቀው አከራይዋን ብቻ ነበር፤ እሷም ሰኞ ለት ወደ ገጠር ሄደች። ግቢው ውስጥ የቀሩት ባንቺአምላክ፣ የስምንት ወር ልጇና ሚስማር ላይ የተንጠለጠለው የባሏ ጃኬት ናቸው።

ረቡዕ ጠዋት ልጅቷ አለቀሰች።

«ዝም በይ የኔ እመቤት፣ አጥሚት እሠራልሻለሁ» አለቻትና ድስቱን ጣደች።

ድስቱ «አልፈላም» አለ። «ባዶዬን ምን ልፍላ? ጀሪካኑን ጠይቂው።»

ጀሪካኑን ዘቅዝቃ ብታራግፈው ጠብ የሚል ጠፋ። «ቦኖ ካልወሰድሽኝ ከየት አምጥቼ ልሙላ? እግርሽን ጠይቂው» አላት።

እግር ካልወጣ ጀሪካን አልሞላ አለ፣ ጀሪካን ካልሞላ ድስት አልፈላ አለ፣ ድስት ካልፈላ ልጅ ዝም አልል አለች።

እግሯን ጠየቀችው። ደጃፉ ድረስ ሄደላትና ቀጥ ብሎ ቆመ። «አልወጣም» አለ። «ቦኖው ላይ ሴቶቹ ተሰልፈዋል። ‹የእሁዷ አልቃሽ መጣች› ይሉናል። ምን ልትመልሺላቸው ነው? መጀመሪያ አፍሽን ጠይቂው።»

የእሁዱ ነገር እንዲህ ነው። አከራይዋ «ታች ሰፈር ሰው ሞቷል፤ ብቅ ካላልሽ ሰው ይታዘብሻል። የእድሩ አረንጓዴ ድንኳን የተተከለበት ቤት ነው» ብላት ነበር። እድሩ ታዲያ ሁለት አረንጓዴ ድንኳን አለው። ለለቅሶም ለሰርግም የሚያከራየው እነዚያኑ ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ሁለቱም ተተክለዋል። ባንቺአምላክ ልጇን አዝላ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ መጀመሪያ ያገኘችው ድንኳን ውስጥ ገባች። ሽማግሌዎች ሊመርቁ ተነስተው ስለነበር ከበሮው ዝም ብሏል። «ወንድሜን! ወንድሜን! ገና በጉብዝናህ! ሳትጠገብ!» እያለች ብትዘልቅ፣ ሙሽራው ከነሱፉ ብድግ አለ።

ያኔ ገባት። ቢገባትስ! እንባዋ ድንኳን መሳሳቷን አልሰማም። ከእናቷ ቤት ከወጣች ወዲህ አልቅሳ አታውቅም ነበርና፣ ሙሽራው ፊት ቆማ፣ የማይቆም ለቅሶ አለቀሰች። ከዚያ ሮጣ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ከደጇ አልወጣችም።

«አልከፈትም» አለ አፏ። «ያኔ የሆንሽውን ምን ብዬ ልንገራቸው? ‹ደነገጥኩ› እንዳልል እባብ ያየም ይደነግጣል። ‹አፈርኩ› እንዳልል ቀሚሱ የተተረተረበትም ያፍራል። ስም የሌለውን ነገር እንዴት ስቄ ላውራው? ቃል አምጪልኝ።»

ቃል ካልመጣ አፍ አልከፈት አለ፣ አፍ ካልተከፈተ እግር አልወጣ አለ፣ እግር ካልወጣ ጀሪካን አልሞላ አለ፣ ጀሪካን ካልሞላ ድስት አልፈላ አለ፣ ድስት ካልፈላ ልጅ ዝም አልል አለች።

ቃል ፍለጋ ተቀመጠች። ከስድስተኛ ክፍል ካቋረጠች ወዲህ እንዲህ አስባ አታውቅም።

«‹ወይኔታ› ብንለውስ?» አለችው አፏን።

«የበሽታ ስም ነው የሚመስለው። ‹ወይኔታ ይዟት ተኝታለች› ይሉሻል።»

«‹መሬትዋጪኝ›?»

«ረዘመ! ተናግሬ ሳልጨርስ መሬቷ ሐሳቧን ትቀይራለች።»

አሰበች። ክው ማለት አለ፤ ኩምሽሽ ማለትም አለ። እሷ ሁለቱንም የሆነችው ባንድ ጊዜ ነበር።

«‹ክውምሽሽ›!»

አፏ ሊስቅ ዳር ዳር አለ። አሁን ደግሞ ቃሉ ራሱ እምቢ አላት። «ብቻሽን ስትዪኝ ድምፅ ብቻ ነኝ» አላት። «ቃል የምሆነው አንዱ ብሎኝ ሌላው ሲሰማኝ ነው። ሰው አምጪልኝ።»

ሰው! ከየት ታምጣ? ዞር ብላ ብታይ ያው ጃኬት ነው። ወጥታ እንዳትፈልግ እግሯ አልወጣም ብሏል።

ሰው ካልመጣ ቃል አልሆን አለ፣ ቃል ካልመጣ አፍ አልከፈት አለ፣ አፍ ካልተከፈተ እግር አልወጣ አለ፣ እግር ካልወጣ ጀሪካን አልሞላ አለ፣ ጀሪካን ካልሞላ ድስት አልፈላ አለ፣ ድስት ካልፈላ ልጅ ዝም አልል አለች። እናትየው ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች፤ ልጅቷም ጩኸቷን ለቀቀችው። ለቅሶው የቆርቆሮውን አጥር አልፎ መንገድ ወጣ።

«ኧረ ቤቶች! ማነው ልጅ እንዲህ የሚያስለቅሰው?»

በሩን ገፋ አድርገው አንዲት ትልቅ ሴት ገቡ፤ ባዶ ጀሪካን አንጠልጥለዋል። ባንቺአምላክ አወቀቻቸው። የሙሽሪት እናት ናቸው፣ እትዬ የሻሽወርቅ። እሁድ ለት ከሙሽራው አጠገብ ቆመው ነበር።

«አንቺ! ለአማቼ በቁሙ ያለቀስሽለት አንቺ አይደለሽም?»

ባንቺአምላክ መሬት መሬት አየች።

«ቀና በይ እንጂ! ሦስት ቀን ሙሉ ቤትሽን ሳጠያይቅ ነው የከረምኩት።» ልጅቷን ተቀብለው ደረታቸው ላይ አደረጓት። «የመጨረሻ ልጄን ነው የዳርኩት። ከጠዋት ጀምሮ ‹በሰርግ ቀን ማልቀስ ሟርት ነው› እያሉ እንባዬን ሲያስውጡኝ ዋሉ። አንቺ ስትገቢ ለቀቅኩት! ‹ምን ሆነሻል?› ሲሉኝ ‹ይቺ ልጅ ናት ያስለቀሰችኝ› አልኩና ወጣልኝ። እስቲ አሁን ንገሪኝ፣ ሱፉን ስታዪ ምን ሆንሽ?»

«ክውምሽሽ አልኩ፣ እትዬ።»

«ምን?»

«ክውምሽሽ።»

«ክውምሽሽ!» አሉ እትዬ የሻሽወርቅ። ሳቃቸው ልጅቷን ደረታቸው ላይ አነቃነቃት። ከዚያ ቀስ ብለው «ለካ ስም አለው» አሉ። «ትናንት ምሳ ሁለት ሳህን አወጣሁና ‹ነይ ብዪ› ብዬ ልጄን ተጣራሁ። ቤቱ ጭር። ክውምሽሽ አልኩ።»

ባንቺአምላክ ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ።

ሰው ሲመጣ ቃሉ ቃል ሆነ። ቃል ሲገኝ አፍ ተከፈተ፤ አፍ ሲከፈት እግር ወጣ። ከእትዬ የሻሽወርቅ ጋር ቦኖው ሲደርሱ አንዷ «የእሁዷ አልቃሽ መጣች!» አለች። ባንቺአምላክም «ክውምሽሽ ብዬ ነው የጠፋሁት» አለቻት። «ምንድነው ደግሞ እሱ?» ብለው ከበቧት፤ ወረፋው እስኪደርስ አንዷ በስኳር ፈንታ ጨው የጨመረችበትን ሻይ፣ ሌላዋ ለእህቷ ጽፋ በስህተት ለባሏ አለቃ የላከችውን ደብዳቤ ታወራ ጀመር። እግር ሲወጣ ጀሪካን ሞላ፤ ጀሪካን ሲሞላ ድስት ፈላ፤ ድስት ሲፈላ ልጅቷ ጠጥታ ዝም አለች፤ እንቅልፍም ወሰዳት።

እትዬ የሻሽወርቅ ሊሄዱ ተነሱና በሩ ላይ ቆም አሉ።

«ነገ ምሳ እኔ ጋ ነሽ» አሏት። «ሁለት ሳህን ማውጣቱን እንደሆነ እጄ አልተወውም።»

ወጉ ይኸው ነው። ለሰማ ጆሮ ጤና፣ ላወጋ ጉሮሮ አንድ ጣሳ ውሃ።