ጋሽ ይማምና ስድስተኛዋ ጳጉሜን

ጳጉሜን ስድስት ቀን ነበር፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም ደሴን እንደ ነጠላ አከናንቧት፣ ክረምቱ የመጨረሻ ካፊያውን በቆርቆሮ ጣሪያዎች ላይ ያንጠባጥብ ነበር። ፀሐይም በጉሙ ስንጥቅ አንድ ጊዜ ብቅ፣ አንድ ጊዜ እልም ትላለች። ያ ማለዳ ዛሬም ከዓይኔ አልጠፋም። እስቲ ቀረብ በሉና የዚያን ዕለት ሰንሰለት ልቀጥልላችሁ፤ እኔ የፊቱን ቀለበት ስጨምር እናንተ የኋላውን እንዳትጥሉብኝ።

በዳገቱ ላይ አንዲት ንባብ ቤት ነበረችን። በመግቢያዋ ግድግዳ ላይ በኤሌክትሪክ የሚበራ ሰሌዳ ተሰቅሎ፣ በየማለዳው በዚያ ቀን የተወለደውን አባል ስም ያወጣል። በንባብ ቤት ማጨብጨብ ነውር ነውና፣ ስሙ የወጣለት ሰው በበሩ ሲገባ አንባቢው ሁሉ መጽሐፉን አጥፎ ያለ ድምፅ ብድግ ይላል፤ ከዚያም ይቀመጣል። ሥርዓቱ ይኸው ብቻ ነበር። ይህን ትንሽ ክብር ያገኘ ሰው ግን ቀኑን ሙሉ ፊቱ ሲበራ ይውላል።

ጋሽ ይማም ዓሊ፣ በጡረታ ላይ ያሉ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ለሁሉም ሲነሡ የኖሩ ሰው ነበሩ። ለእሳቸው ግን ማንም ተነሥቶ አያውቅም። የተወለዱት በስድስተኛዋ ጳጉሜን ነው፤ እሷም በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ካልሆነ ፊቷን አታሳይም። ሰሌዳው ከተሰቀለ ወዲህ ስትመጣ ያን ዕለት የመጀመሪያዋ ነበር። ጋሽ ይማምም ኮታቸውን አስተኩሰው፣ ጢማቸውን ተላጭተው መጡ፤ ቀና ብለው ቢያዩ ሰሌዳው ባዶ ነው።

«ስሜ የለም» አሉ፣ የንባብ ቤቱ ኃላፊ ወደሆኑት ወደ ወይዘሮ አትጠገብ ዞረው።

«ቀስ ብለው ይናገሩ እንጂ ጋሼ፤ ሰው ያነባል» አሉ ወይዘሮ አትጠገብ በሹክሹክታ።

«ጋሼ አትበይኝ። በየአራት ዓመቱ ሲቆጠር ዛሬ ሃያ ሞላኝ። ገና ጎረምሳ ነኝ።»

ጥግ ላይ ኮምፒውተሯን ከፍታ የተቀመጠችው ዘምዘም ሣቀች። ሰሌዳውን የሚመግበውን የኢንተርኔት ገጽ የሠራችው እሷ ናት። ጋሽ ይማም ኮፍያቸውን አውልቀው አጠገቧ ቆሙ።

«እትዬ ዘምዘም» አሏት፤ «በዕድሜ ትበልጪኛለሽ፤ ወዲያ ሂድ ብትይኝም እሄዳለሁ። ግን ዛሬ ስሜን አውጪልኝ። የሚቀጥለው ጳጉሜን ስድስት ሩቅ ነው፤ ጉልበቴ ደግሞ ከአሁኑ ይንቀጠቀጣል።»

«የበዓል ዋዜማ ስለሆነ በስድስት ሰዓት እንዘጋለን» አሉ ወይዘሮ አትጠገብ።

«ከስድስት በፊት ይወጣል» አለች ዘምዘም፤ ሰሌዳውንም ጠየቀችው። ሰሌዳው፣ «ገጹ ካላቀበለኝ ከየት አምጥቼ?» አላት። ሰሌዳው አላወጣ አለ፤ ጋሽ ይማምም ቆመው ቀሩ።

ወደ ገጹ ሄደች። ገጹ፣ «ጥቅሉ ቀኑን ካላወቀልኝ ስም አላቀብልም» አላት። ገጹ አላቀብል አለ፤ ሰሌዳው አላወጣ አለ፤ ጋሽ ይማምም ቆመው ቀሩ።

ጥቅል የተባለው በጃቫስክሪፕት የተጻፈ፣ በእኛ አቆጣጠር ቀን የሚቆጥር ትንሽ ፕሮግራም ነው። ዘምዘምና ጓደኛዋ ቶፊቅ ጽፈው፣ እንደ አገልግል አስረው፣ የየአገሩ ጥቅል ሁሉ ወደሚከማችበት የኢንተርኔት ግምጃ ቤት ልከውት ነበር፤ ገጹም ከዚያ ብቻ እየቀዳ ይኖራል። ሲጽፉት ስድስተኛዋ ጳጉሜን ገና ሩቅ ነበረች፤ ሩቅ ያለ እንግዳ ይረሳልና ረሷት። ስለዚህ ጥቅሉ፣ «ጳጉሜን አምስት ናት፤ ስድስተኛ የምትባል አልተዋወቅሁም» አላት። ጥቅሉ አላውቅ አለ፤ ገጹ አላቀብል አለ፤ ሰሌዳው አላወጣ አለ፤ ጋሽ ይማምም ቆመው ቀሩ።

ዘምዘም አንድ መስመር ጻፈች። በእሷ ኮምፒውተር ላይ ያለው ጥቅል ስድስተኛዋን ወዲያው ተዋወቀ፤ እሷም ደስ ብሏት ወደ ሰሌዳው ተመለከተች። ሰሌዳው እንደ ባዶነቱ ነው።

«እዚህ እኔ ጋ እኮ ይሠራል» አለች።

«እኔም ቤቴ ስሆን ንጉሥ ነኝ» አሉ ጋሽ ይማም።

እውነታቸውን ነበር። ከግምጃ ቤቱ ያልደረሰ ጥቅል ለገጹ እንዳልተወለደ ነው። ብትልከው ደግሞ ግምጃ ቤቱ፣ «በዚህ የእትም ቁጥር የተመዘገበ ጥቅል አለኝ፤ አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ አልቀበልም» አላት። ግምጃ ቤቱ አልቀበል አለ፤ ጥቅሉ አላውቅ አለ፤ ገጹ አላቀብል አለ፤ ሰሌዳው አላወጣ አለ፤ ጋሽ ይማምም ቆመው ቀሩ።

የእትሙን ቁጥር ከፍ ልታደርገው ሞከረች። ቁጥሩ፣ «ጥቅሉን የሚመረምረው ፈተና ካላሳለፈኝ ከተቀመጥኩበት አልነሣም፤ ስታሳድጉኝ የሰጣችሁኝ ሕግ ነው» አላት። ቁጥሩ አልነሣ አለ፤ ግምጃ ቤቱ አልቀበል አለ፤ ጥቅሉ አላውቅ አለ፤ ገጹ አላቀብል አለ፤ ሰሌዳው አላወጣ አለ፤ ጋሽ ይማምም ቆመው ቀሩ።

ወንበር አመጡላቸው፤ እንቢ አሉ። «ሊነሡለት የመጣ ሰው አይቀመጥም» አሉ።

ፈተናውም በተራው፣ «መፈተኛ መሣሪያዬ ከተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉ ካልመጣ ማንንም አላሳልፍም» አላት። ቁልፉም፣ «እኔ አንድ ጊዜ ብቻ የምሠራ የምስጢር ቁጥር ነኝ፤ የምወርደው በቶፊቅ ስልክ ላይ ነው፤ እሱ ካልላከኝ አልመጣም» አላት። ይህን ጊዜ ዘምዘም እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሣች። ቁልፉ አልመጣ አለ፤ ፈተናው አላሳልፍ አለ፤ ቁጥሩ አልነሣ አለ፤ ግምጃ ቤቱ አልቀበል አለ፤ ጥቅሉ አላውቅ አለ፤ ገጹ አላቀብል አለ፤ ሰሌዳው አላወጣ አለ፤ ጋሽ ይማምም ቆመው ቀሩ።

ቶፊቅና ዘምዘም ተጣልተው ነበር። ባለፈው የካቲት ቶፊቅ ጥቅሉን አስሮ ሲልክ፣ የተሠራውን ፕሮግራም ውስጡ ማስገባት ረስቶ ባዶውን ላከው፤ ሰሌዳው ሲንተባተብ ዋለ። ዘምዘም አንባቢው ሁሉ በተቀመጠበት፣ «ለሠርግ ቤት ባዶ አገልግል የሚልክ ሰው እዩልኝ» አለች። ንባብ ቤቱ ዝምታውን ረስቶ ሣቀ። ቶፊቅ ኮምፒውተሩን በጀርባው አዝሎ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ፤ ሥራም እዚያው ያዘ፤ አልተመለሰም።

ወይዘሮ አትጠገብ ራሳቸው ደወሉ። የቶፊቅ ፊት በስልኩ መስተዋት ላይ ብቅ አለ፤ ስልኩን መጻሕፍት አስደግፈው ጠረጴዛው ላይ አቆሙት።

«ለጋሽ ይማም ከሆነ ነፍሴንም እሰጣለሁ» አለ ነገሩን ሰምቶ። «ቁልፉን የምትቀበለኝ ግን እሷ ናት። በሰው ፊት አሣቀችብኝ፤ በሰው ፊት ትለምነኝ።»

«ባዶ አልነበረም ወይ?» አለች ዘምዘም፣ ወደ ስልኩ ሳትዞር። «እውነት ተናግሬ አልለምንም።»

«ይኸው ሰማችኋት። ይህች ናት።»

«አንተም ያው አንተ ነህ።»

«ልጆች፣ ቀስ» አሉ ወይዘሮ አትጠገብ፤ ሰዓታቸውንም አዩ፤ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነበር።

እንግዲህ የያዛችሁትን ቀለበት ሁሉ አጥብቁ። ዘምዘም አልለምን አለች፤ ቶፊቅ አልልክ አለ፤ ቁልፉ አልመጣ አለ፤ ፈተናው አላሳልፍ አለ፤ ቁጥሩ አልነሣ አለ፤ ግምጃ ቤቱ አልቀበል አለ፤ ጥቅሉ አላውቅ አለ፤ ገጹ አላቀብል አለ፤ ሰሌዳው አላወጣ አለ። ጋሽ ይማም ግን በዚህ ጊዜ ቆመው አልቀሩም።

ቀስ ብለው ወደ በሩ ሄዱ። በሩ በነፋስ እንዳይዘጋ የሚደገፍበት አንድ ጥቁር ድንጋይ ነበር፤ ጎንበስ ብለው አነሡት፤ በሩም ከኋላቸው እያቃሰተ ተዘጋ። ድንጋዩን በማጅራታቸው ላይ ጫኑ። በአገራችን ሥርዓት ይቅርታ የሚለምን ሰው እንዲህ ያደርጋል፤ የተበደለው ይቅር ካላለ ድንጋዩ አይወርድም። ከጠረጴዛው ፊት ደርሰው በስልኩ ትይዩ ተንበረከኩ።

«ጋሽ ቶፊቅ» አሉ፤ «ታላቄ ነህ። ከዚህ ቤት በዕድሜ የማንስ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ድንጋዩ የእኔ ድርሻ ነው። የእህትህን ጥፋት በእኔ ላይ ቁጠረው። ዛሬ ዋዜማ ነው፤ ቂም ይዞ ዘመን መሻገር ደግ አይደለም።»

«ኧረ ጋሼ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ያውርዱት» አለ ቶፊቅ፤ ፊቱ ከመስተዋቱ ወጥቶ ሊያነሣቸው የፈለገ ይመስል ነበር።

«በትዕዛዝ አይወርድም። በይቅርታ ነው።»

«እርስዎ ምን አጠፉና?»

«ምንም። ለዚህ ነው የከበደኝ።»

ዘምዘም ከወንበሯ ተነሣች። ድንጋዩን ልትቀበላቸው እጇን ብትሰድ አልለቀቁላትም። ስለዚህ አጠገባቸው ተንበርክካ ትከሻዋን ከድንጋዩ ሥር አስገባች፤ ክብደቱም ለሁለት ተከፈለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ስልኩ ቀና ብላ አየች።

«ቶፊቅ» አለች፤ ሁላችንም እየሰማን። «አገልግሉ ባዶ ነበር። ነገር ግን ለአንተ ብቻ የሚነገር ነገር ነበር እንጂ ለአደባባይ አልነበረም። በሰው ፊት አሳፈርኩህ። አፉ በለኝ።»

 ካፊያው በጣሪያው ላይ ሲንጠባጠብ ይሰማ ነበር።

«አፉ ብያለሁ» አለ ቶፊቅ። «ባዶ ነበር፤ አላህ ያውቃል ባዶ ነበር። አሁን ሽማግሌውን አሳርፉልኝ።»

«ሽማግሌ ያልከው ማንን ነው?» አሉ ጋሽ ይማም ከድንጋዩ ሥር።

ድንጋዩም ወረደ። ሰንሰለቱም እንደ ተፈታ ቋጠሮ ወደ ኋላ ሮጠ፤ ዘምዘም ለመነች፤ ቶፊቅ ላከ፤ ቁልፉ መጣ፤ ፈተናው አሳለፈ፤ ቁጥሩ ተነሣ፤ ግምጃ ቤቱ ተቀበለ፤ ጥቅሉ ስድስተኛዋን ዐወቀ፤ ገጹ አቀበለ፤ ሰሌዳውም አወጣ። ይማም ዓሊ ይላል፤ በነጭ ፊደል፣ በጥቁር መደብ ላይ።

ጋሽ ይማም አንብበው አልጠገቡም። ቆይተው ግን ሥርዓቱ ትዝ አላቸው፤ ክብሩ የሚሰጠው ለሚገባ ሰው ነው። አቧራውን ከጉልበታቸው አራግፈው፣ ኮፍያቸውን ደፍተው ወደ ካፊያው ወጡ፤ በሩንም ዘጉ። ወይዘሮ አትጠገብ መዝጊያ ሰዓታቸውን እንዳላዩ ሆኑ። ዘምዘም ስልኩን አንሥታ ቶፊቅ እንዲያይ ወደ በሩ አዞረችው።

በሩ ተከፈተ። መጻሕፍት ታጠፉ። ሁላችንም ብድግ አልን፤ ቶፊቅም ኮምቦልቻ ሆኖ ከወንበሩ ተነሣ፤ በስልኩ ላይ ደረቱ ብቻ ይታይ ነበር። ጋሽ ይማም በደፉ ላይ ቆመው ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት ተመለከቱ፤ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ተቀመጡ» አሉ በመጨረሻ በሹክሹክታ። «ተቀመጡ፣ ታላላቆቼ።»

ተቀመጥን።

ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ክረምት ጋሽ ይማም ዐረፉ። ለእሳቸው የተነሣነው ያን አንድ ቀን ብቻ ነው።