ፈሪዋ የማሽላ ፍሬ

ተረት ተረት ስላችሁ፣ የዘር መሬት በሉኝ።

አንዲት ፈሪ የማሽላ ፍሬ ነበረች። ገበሬው ይማም በመጀመሪያው ዝናብ ከእህቶቿ ጋር ዘራት። እህቶቿ እርጥበቱ ሲነካቸው ለመብቀል ተጣደፉ። እሷ ግን ከጎኗ ጉድጓድ የሚምሰውን ፍልፈል «አያ ፍልፈል፣ ልውጣ ወይስ ልቆይ?» ስትል ጠየቀችው።

«እኔ የማውቀው የታቹን ነው» አላት ፍልፈል። «ዝናቡ ያራሰው ላይ ላዩን ብቻ ነው። አንድ ክንድ ዝቅ ካልሽ አፈሩ አመድ ነው።»

እህቶቿ ስቀውባት ወጡ። ከዚያ ወዲያ ግን ሰማዩ ጠብታ ሳይጥል አርባ ቀን ሞላው። በላይዋ ይሰማ የነበረው የቅጠል ሹክሹክታ በየቀኑ እየሳሳ ሄዶ፣ አንድ ቀን ጨርሶ ጠፋ። እሷም በጨለማው ውስጥ ብቻዋን ቀረች።

ዋናው የክረምት ዝናብ ሲገባ እየፈራች ሁለት ቅጠል አወጣች። በሳምንቱ ምድሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ይማም የሞተውን ማሳ ገልብጦ ጤፍ ሊዘራበት በሬዎቹን ጠምዶ መጥቶ ነበር። ማረሻው መሬቱን እየቀደደ ቀረባት። መሸሻ አልነበራትም፤ ቅጠሎቿን አጥፋ ጠበቀች።

«ቁሙ» አለ ይማም በሬዎቹን። ጎንበስ ብሎ አያትና ማረሻውን ከመሬት አንሥቶ በጎኗ አለፈ።

ያን ዓመት ከዚያ ማሳ ወደ ጎተራ የገባ ማሽላ አልነበረም። አንዲት ዛላ ብቻ ለዘር ከምድጃው በላይ ተሰቀለች። የይማም ልጆች ሲርባቸው ቀና ብለው ያዩዋት ነበር፤ የነካት ግን የለም።

ተረቴን ውሰዱ፣ ዘሬን መልሱ።