የዘርፌ ቱርቦና የጣርማበሩ ኩርባ

ስሙማ፣ ስሙማ! የቆማችሁ ተቀመጡ፣ የተቀመጣችሁም ጠጋ በሉ። ነገሩ የሆነው ደብረ ሲና ነው፤ በበልግ፣ ጉም ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ቀትሩን በሚያጨልምበት ወራት።

ዘርፌ የምትባል የሒሳብ አስተማሪ ነበረች። ቤቷ ከታች ከተማው ውስጥ፣ ትምህርት ቤቷ ከላይ ጣርማበር አናት ላይ። ሁልጊዜ ጠዋት ዳገቱን የምትወጣው ወንድሟ ጌጡ በሰጣት መኪና ነው። መኪናዋ ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ ከዘርፌ በጥቂት ዓመት የምታንስ ቱርቦ ነበረች። ቱርቦ አየሩን ጠቅጥቆ ለሞተሩ የሚያጎርስ መሣሪያ ነው። አየር በሚሳሳበት ዳገት ሌላው መኪና ሲያቃስት ይቺ እያፏጨች ትወጣለች።

ጌጡ ቁልፉን ሲሰጣት የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ሦስተኛው ኩርባ ላይ እንዳትቆሚ።"

"ለምን?"

"እንዳትቆሚ አልኩሽ፣ ዘርፌ።"

ከዚያ ወዲህ እሱ ራሱ መሪ ጨብጦ አያውቅም።

ዘርፌም አልቆመችም። መኪናዋ ግን እዚያ ስትደርስ ፉጨቷ ይሰልላል። አንድ ሰው ከኋላ የያዛት ይመስል ትጎተታለች፤ በእግሩ ከሚሄድ ሰው አትፈጥንም። ያኔ በጉሙ ውስጥ፣ በተሳፋሪው ወንበር በኩል፣ መስታወቱ ይንኳኳል። ቀስ ብሎ፣ በጣት አንጓ፣ ሦስት ጊዜ። ዘርፌ ዞራ አታይም። መሪውን ጨምድዳ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ የቀኑን ትምህርት በልቧ እየቆጠረች ታልፋለች።

አንድ ነገር ብቻ ተመኘች፦ መኪናዬ ጉልበት ቢጨመርላትና ያንን ኩርባ ሽው ብላ ብታልፍልኝ!

ወደ መካኒኩ ወደ ጋሽ ወልደየስ ሄደች።

"ጋሽ ወልደየስ፣ የቱርቦውን ግፊት ይጨምሩልኝ።"

"እስቲ መጀመሪያ ልንዳት" አሉ ጋሽ ወልደየስ። በአራት ሰዓት ወጡ፣ በአራት ሰዓት ተኩል ተመለሱ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ከመኪናዋ ወርደው በተሳፋሪው በኩል ላለማለፍ በኋላ ዞረው መጡ።

"ምነው?" አለች ዘርፌ።

"ሜዳ ላይ ትበራለች።"

"ኩርባው ላይስ?"

ጋሽ ወልደየስ እጃቸውን በጨርቅ መጥረግ ጀመሩ። ንጹሕ እጅ ነበር የሚጠርጉት። "ግፊት መጨመር ቀላል ነው፤ አንዲት ብሎን ማጥበቅ ነው። ግን ያረጀ ሞተር ነው። ቴስታው፣ ክዳኑ ማለቴ ነው፣ ትንሽ ከጎበጠ ግፊቱ ሥሩ ያለውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ያቃጥለዋል። ሽብሩ ቴስታውን ካላስተካከለው እኔ አልጨምርም።"

መካኒኩ ግፊት አልጨምርም አሉ፤ መኪናዋ ጉልበት አላገኘች፤ ኩርባው አላሳልፍ አለ፤ ጣቱም ያንኳኳል።

ብረት ወደሚቀርጸው፣ ወደ ባለ ቶርኖው ወደ ሽብሩ ሄደች።

"ሽብሩ፣ ቴስታውን አስተካክልልኝ።"

ሽብሩ ኮፈኑን ከፈተና እጁን ሞተሩ ላይ አሳረፈ። ዳገት ወጥቶ የወረደ ሞተር እጅ ይልጣል። ሽብሩ ግን እጁን አላነሣም።

"ቀዝቃዛ ነው" አለ ለራሱ።

"ምን አልክ?"

"ምንም። ቴስታውን ባስተካክለው ግፊቱ ይጨመራል፤ ግፊቱ ሲጨመር ሞተሩ ይግላል። ይቺ ራዲያተር አትችለውም። አቶ ይመር ራዲያተሩን ካላሳደጉት እኔ ቴስታውን አልነካም።"

"አሁን ቀዝቃዛ ነው አላልክም እንዴ?"

"እሱን እኔ አላውቅም፣ መምህርት" አለና ኮፈኑን ዘጋው፤ ሰው የተኛበትን በር እንደሚዘጋ፣ ቀስ አድርጎ።

ባለ ቶርኖው ቴስታውን አልነካም አለ፤ መካኒኩ ግፊት አልጨምርም አሉ፤ መኪናዋ ጉልበት አላገኘች፤ ኩርባው አላሳልፍ አለ፤ ጣቱም ያንኳኳል።

ወደ ራዲያተር በያጁ ወደ አቶ ይመር ሄደች።

"አቶ ይመር፣ ራዲያተሩን ያሳድጉልኝ።"

አቶ ይመር መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አዩ። ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ መኪናዋም ደርቃለች። የተሳፋሪው መስታወት ብቻ እርጥብ ነው። ኪሳቸው ውስጥ ያለውን ጨርቅ አውጥተው ወለወሉት። ጨርቁን ሳያጥፉ እንደገና ጤዛ ያዘ። እንደገና ወለወሉት፤ እንደገና ያዘ። በጤዛው መሐል ሦስት ትናንሽ ክቦች ነበሩ፣ የጣት አንጓ የሚያህሉ።

"ቢስሚላህ" አሉ አቶ ይመር። ወደ ኋላም አንድ እርምጃ ሸሹ።

"ያውቃሉ አይደል?" አለቻቸው ዘርፌ። "ሁላችሁም የምታውቁት ነገር አለ።"

"እኔ የማውቀው ራዲያተር ነው፣ ልጄ። ራዲያተሩን ባሳድግ ትሮጣለች። የምትሮጥ መኪና ደግሞ መቆም መቻል አለባት። ታንጉት ፍሬኑን ካልሠራችው እኔ አላሳድግም።"

በያጁ ራዲያተር አላሳድግም አሉ፤ ባለ ቶርኖው ቴስታውን አልነካም አለ፤ መካኒኩ ግፊት አልጨምርም አሉ፤ መኪናዋ ጉልበት አላገኘች፤ ኩርባው አላሳልፍ አለ፤ ጣቱም ያንኳኳል።

ወደ ፍሬን ሠሪዋ ወደ እትዬ ታንጉት ሄደች። እትዬ ታንጉት የሟች ባላቸውን ሥራ ይዘው ሃያ ዓመት ጎማ ሲፈቱ የኖሩ፣ ክንዳቸው የወንድ የሚመስል ሴት ናቸው።

"እትዬ ታንጉት፣ ፍሬኑን ይሥሩልኝ።"

"አልሠራም።"

"እርስዎ ደግሞ ወደ ማን ሊልኩኝ ነው?"

"ወደ ማንም። ከእኔ በኋላ ያለሽው አንቺ ነሽ። ተቀመጪ።"

ዘርፌ ጎማ ላይ ተቀመጠች። እትዬ ታንጉት ቆመው ነገሯት።

"ካቻምና፣ በዚህ በበልግ፣ ወንድምሽ ይቺን መኪና እያበረረ ዳገቱን ይወጣ ነበር። ሦስተኛው ኩርባ ላይ አንዲት ሴት እጇን ዘረጋች። ታማለች፤ ከላይ ጤና ጣቢያ ለመድረስ ነው። ወንድምሽ አላቆመም። ከእሱ በኋላ ደግሞ ጉሙ ወፈረና መኪና የሚባል አላለፈም። በማግስቱ ድንጋይ ላይ እንደተቀመጠች አገኟት። በብርድ።"

ዘርፌ አፏን በእጇ ያዘች።

"ወሬው ከተማ ሲገባ ጌጡ እኔ ዘንድ መጣ። 'ፍሬኔ አልያዘልኝም ነበር፣ ይዩት' አለኝ። ጎማውን ፈታሁ፣ አየሁት። ደህና ነበር። 'ደህና ነው' አልኩት። 'በደንብ ይዩት' አለኝ። አየሁት። 'ደህና ነው፣ ልጄ' አልኩት። አጎንብሶ ወጣ። ወልደየስም ያውቃል፣ ሽብሩም ያውቃል፣ ይመርም ያውቃል። ለእህቱ ቆሞ የሚነግር ግን ጠፋ። እኔም ዝም ካሉት አንዷ ነኝ።"

"አሁን እኔ ምን ላድርግ?"

"አንቺ እዚያ ኩርባ ላይ ካልቆምሽ፣ እኔ ይህን ፍሬን አልሠራም።"

ዘርፌ አልቆምም አለች፤ ፍሬን ሠሪዋ ፍሬን አልሠራም አሉ፤ በያጁ ራዲያተር አላሳድግም አሉ፤ ባለ ቶርኖው ቴስታውን አልነካም አለ፤ መካኒኩ ግፊት አልጨምርም አሉ፤ መኪናዋ ጉልበት አላገኘች፤ ኩርባው አላሳልፍ አለ፤ ጣቱም ያንኳኳል።

ሦስት ቀን አልቆምም አለች። ሦስት ቀን ተንኳኳ። መኪናዋም በየቀኑ ቀስ እያለች፣ በሦስተኛው ቀን ልትቆም ምንም አልቀራትም። በአራተኛው ቀን ጠዋት ዘርፌ ራሷ ፍሬኑን ረገጠች።

ጉሙ መኪናዋን ዋጣት። ወፍ የለም፣ ንፋስ የለም። ሞተሩን አላጠፋችውም፤ ሞተሩ ግን አልተሰማትም። መስታወቱ ተንኳኳ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ዘርፌ እጇን ዘርግታ በሩን ከፈተች።

ገባች። ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ የተከናነበች፣ ቀጭን ሴት ናት። ስትቀመጥ ወንበሩ አልተንቋቋም።

"ተባረኪ፣ የኔ እናት" አለች። "ብርዱ ገደለኝ እኮ።"

ዘርፌ ማርሽ አስገባች። "ወዴት ነሽ?"

"እስከ አናቱ ብቻ።"

መኪናዋ መሄድ ጀመረች። በሴትዮዋ በኩል መስታወቱ ከውስጥ ጤዛ ያዘ። ዘርፌ ማሞቂያውን ከፈተች፤ የሚነፍሰው የገደል አየር ነው። ጥቂት እንደሄዱ ሴትዮዋ ተናገረች።

"አንድ ጊዜ እንዲህ ያለች ቀይ መኪና አልፋኝ ነበር። ጉም ነው እንግዲህ። ሹፌሩ አላየኝም መሰለኝ።"

ዘርፌ ዝም ብትል ይቻላት ነበር። ጉም ነበር፣ አዎ፣ አላየሽም ይሆናል ብትልም ይቻላት ነበር። ወንድሟ ነው፤ አንድ ጡት የጠቡ ናቸው። ተማሪዎቿ የሒሳብ ስሕተት ሲሠሩ ግን ስሕተቱን ሳታሳይ አልፋ አታውቅም።

"አይቶሻል" አለች። "ወንድሜ ነው። መኪናዋም ይቺው ናት። አይቶሽ ነው ያለፈው።"

ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እሷ ዞረች። ዘርፌ አላየቻትም፤ መዞሯ ግን ጉንጯ ላይ እንደ ቀዝቃዛ እስትንፋስ ተሰማት።

"እሱን ነበር እያንኳኳሁ የምጠይቀው" አለች ሴትዮዋ። "ለቀስተኛው ሁሉ አላየሽም እያለ ያለቅሳል። እኔ ግን ዐይኑን አይቼው ነበር። ያበድኩ መስሎኝ ነበር እኮ።"

"አላበድሽም።"

"እንግዲያስ አውርጂኝ። ደርሻለሁ።"

ዘርፌ ስትቆም አናቱ ላይ ነበረች፣ ፀሐይ ውስጥ። በሩ አልተከፈተም፣ አልተዘጋም። ወንበሩ ባዶ ነበር። ሞተሩ እንደ እሳት ግሎ ያጓራል።

በዚያው ከሰዓት ወደ እትዬ ታንጉት ወረደች። "ቆምኩ" አለቻቸው። እሳቸውም ሌላ ነገር አልጠየቁም፤ ክሪኩን ጎትተው መኪናዋ ሥር ገቡ።

ዘርፌ ቆመች፤ ፍሬን ሠሪዋ ፍሬኑን ሠሩ፤ በያጁ ራዲያተሩን አሳደጉ፤ ባለ ቶርኖው ቴስታውን አስተካከለ፤ መካኒኩም ቁልፍ ይዘው ቱርቦው ላይ አጎነበሱ።

"ሩብ ዙር ብቻ" አሉ ጋሽ ወልደየስ። "ለአሮጌ ሞተር ከዚህ በላይ ስስት ነው።"

ሩብ ዙር አጠበቁ፤ መኪናዋ ጉልበት አገኘች፤ ኩርባው አሳለፈ፤ ጣቱም አላንኳኳ። በማግስቱ ዘርፌ ሦስተኛውን ኩርባ እያፏጨች፣ ሽው ብላ አለፈች፤ በመስታወቷ ስታየው ጉሙ ውስጥ ድንጋይ እንጂ ሌላ አልነበረም። የተመኘችው ይኸው ነበር፤ ሆነላት።

እሑድ ዕለት ጌጡ ቤቷ መጣ። ነገሩን ሰምቷል።

"ምን አልሻት?" አላት።

"እውነቱን።"

ጌጡ እጁን ዘረጋ። ዘርፌም ቁልፉን ሰጠችው።

"አንቺ ኋላ ግቢ" አላት።

ሁለት ዓመት መሪ ያልጨበጠ እጅ ነው፤ እስከ ዳገቱ ግማሽ ማርሹን እየሳተ ሄደ። መኪናዋ ትስባለች፣ ኃይሏ ሞልቶ ፈሷል፤ እሱ ግን አላስሮጣትም። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ማንም አላንኳኳም፣ ምንም አልጎተታቸውም። ጌጡ ግን ፍሬኑን ረገጠ። ወዲያው ያዘለት። ተንጠራርቶ የተሳፋሪውን በር ከፈተና እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

ጉሙ በበሩ ገባ። የዘርፌን ጉልበት ነካው፣ የእሱንም አንገት ነካው። ዘርፌ ከኋላ ሆና የወንድሟን ማጅራት እያየች ተቀመጠች። ሃያ ደቂቃ ይሁን አንድ ሰዓት እንጃ፤ ብቻ ጌጡ ልብሳቸው እስኪርስ ድረስ ጠበቀ።

ማንም አልገባም።

እኔም የሰማሁት እስከዚህ ነው። መንገድ ያለባችሁ በደህና ግቡ፤ የምትተኙም ደህና እደሩ።